ገመዱን የት እናስረው?

(በደብረ ታቦር፣ በ1444 ረመዷን፣ ከተራዊሕ በኋላ ለወጣቶች የተደረገ ንግግር)



ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ከተራዊሕ በኋላ ስለቆያችሁ አላህ ይውደድላችሁ። ሁላችንም ለሱሑር የምንነሣ ስለሆንን «አላስረዝምም» ልላችሁ ነበር፤ በረመዷን ግን መዋሸት ስለማይገባ እንዲሁ ልጀምር።

የመጣሁበት ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ነው። ስለ ገመድ ነው። የዒድ ሰሞን መንገድ ላይ ስለምንዘረጋው አረንጓዴ ጨርቅ፣ ስለ ብልጭልጩ ወረቀት፣ ስለ ትንንሾቹ አምፖሎች፣ «ዒድ ሙባረክ» ብለን ስለምናሳትመው ባነር ነው። ትግል ሲባል ከእናንተ ብዙው የሚያስበው ጁሙዓን፣ ተቃውሞን፣ እስርን ነው። «ይህ ሰውዬ ስለ አምፖል ሊነግረን ነው እንዴ ያቆየን?» የሚል እንዳለ ከፊታችሁ አነባለሁ። ትንሽ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ቀኖቹን ተመልከቱ። ዘንድሮ ረመዷን የገባው መጋቢት 14 ነው። ያኔ ጎረቤቶቻችን ሁዳዴ ላይ ነበሩ፤ እስካሁንም ናቸው። ከተማው ሁሉ ጾመኛ ነው፤ ምግብ ቤቶቹን አይታችኋል። ፋሲካ ሚያዝያ 8 ይውላል። የእኛ ዒድ ደግሞ ጨረቃ እንደታየች ሚያዝያ 13 ወይም 14 ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ትልልቅ በዓል፣ በአንድ አውራ ጎዳና፣ በአንድ አደባባይ፣ በዚያው ምሰሶ ላይ ማለት ነው። ዒዱ ካለፈ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 18፣ የጎንደሩ ቀን ዓመቱን ይሞላል። እነዚህን ቀኖች ስደምራቸው ስለ ገመድ ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።

ከራሳችን ጥፋት ልጀምር። ባለፈው ዐረፋ ነው። ሐምሌ ነበር፤ የደብረ ታቦር ሐምሌ ደግሞ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አይነገርም፤ ጉሙ መሬት ላይ ተኝቶ ነው የሚያረፍደው። እኛ፣ እኔም አብሬ ስለነበርኩ «እኛ» እላለሁ፣ በዋዜማው ማታ ከወረታ ወደ ወልዲያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር አረንጓዴ ጨርቅ ዘረጋን። አንዱን ጫፍ የመብራት ምሰሶ ላይ አሰርነው። ሌላውን ጫፍ የምናስርበት ስናጣ አንዱ ልጅ «ይኸው ብረት» አለ። ብረቱ የ«ቁም» ምልክት ነበር። አሰርነው። ያምር ነበር፤ ፎቶ ሁሉ ተነሣን።

ሌሊቱን ዘነበ። ጨርቁ ውሃ ጠጥቶ ከበደ፣ ረገበ፣ ከዚያም ነፋስ ምልክቱ ላይ ጠቀለለው። ጠዋት ከሰፈር መንገድ የወጣ ባጃጅ ምልክቱን ሳያይ አስፋልቱ ውስጥ ገባ፤ ጭነት የያዘ አይሱዙ ደግሞ ቁልቁል እየመጣ ነበር። ሾፌሩ መሪውን ጠመዘዘ፣ አላህ አተረፈ። ጀሪካን የተሸከመች አንዲት እናታችን ግን ከመኪናው ስትሸሽ ቦይ ውስጥ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። ባጃጅ ነጂው ሲጮህበት የመለሰው አንድ ቃል ነው፤ «ምልክቱ የታለ?» አለ። መልስ አልነበረንም።

ታሪኩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ አላቆማችሁም ነበር። በማግሥቱ ጨርቁ ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎ አጥር ሥር ተቀምጦ ተገኘ። «የዒድ ጌጣችንን ቆረጡት!» የሚል ወሬ ከዙሁር በፊት ሰፈሩን አዳረሰ። ማን ቆረጠው? ወሬው መልስ ነበረው፤ ሰፈርም ሃይማኖትም መድቦለት ነበር። ከእናንተ መካከል ያን ቀን የተሰበሰቡ አሉ፣ አሁን ፊታቸውን ያዞሩት እነሱ ናቸው። ከሁለት ሰዓት በኋላ የቆረጠው ሰው ራሱ መጣ። የዚያች የወደቀችው እናት ልጅ ነው። ከእኛው ጋር የሚሰግድ፣ ከእኛው ጋር ዒድ የሰገደ ልጅ። «እናቴን የጣለ ጨርቅ ስለሆነ ነው፤ ንጹሕ ቦታ አስቀምጬላችኋለሁ» አለን። ያ ልጅ ያን ቀን ከተማ ውስጥ ባይኖር ኖሮስ? ወንዝ ተሻግሮ ገበያ ሄዶ ቢሆንስ? እኔ ከዚያ ወዲህ ይህን ሳስብ እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት አለ።

ምክንያቱም በዚህ በደቡብ ጎንደር ወሬ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። በ2011 በእስቴ፣ በአንድ ሰርግ ላይ የማርያም ሥዕል ያለበት ወረቀት መሬት ላይ ታየ ተብሎ በተነዛ ወሬ መስጊዶቻችን ተቃጠሉ። በታኅሣሥ 2012 በሞጣ መስጊዶች ተቃጥለው የሙስሊም ነጋዴ ሱቆች ተዘረፉ። አምና ሚያዝያ 18 ደግሞ በጎንደር፣ በረመዷን፣ የታላቅ ዓሊማችን ቀብር ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። መካነ መቃብሩና ቤተ ክርስቲያኑ ጎረቤት ናቸው፤ ለቀብሩ የሚሆን ድንጋይ ከየት ተነሣ በሚል የተጀመረ ጭቅጭቅ ነበር። ከ20 በላይ ሰው ሞተብን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለይልኝ። በጎንደር ወንድሞቻችን የሞቱት በድንጋይ ምክንያት አይደለም። ሊገድል የተዘጋጀ ሰው ስለነበረ፣ ሊያስቆም የሚገባውም በሰዓቱ ስላላስቆመ ነው። ለገዳይ ሰበብ አንፈልግለትም። የተበደለ ሰው ላይ «አንተ ምን አድርገህ ነው?» የሚል ጥያቄ መልሶ የሚወረውር ሰው ከእኔ አይደለም። ፍትሕ እስኪገኝ የምንጠይቀውም ለዚህ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ወሰንና ድንጋይ፣ ወረቀትና ጌጥ ደም ሊያፋስስ በሚችልበት አገር ላይ ገመዱን የት እንደምናስር ማወቅ ከሃይማኖታችንም ከትግላችንም ውጭ ያለ ነገር አይደለም።

ሃይማኖታችን ስለ መንገድ ብዙ ብሏል። ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሣት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ሕፃናቱም ያውቁታል። እኛ ግን እንቅፋት አነሣን ወይስ ሰቀልን? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መንገድ ዳር የሚቀመጡትን ሰሐቦች የመንገድን ሐቅ እንዲሰጡ አዘዋቸዋል፤ አንዱ ሐቅ አላፊ አግዳሚውን አለማስቸገር ነው። ልብ በሉ፣ መንገድ ሐቅ አለው። ሐቁም የአላፊው ሁሉ ነው፤ የሙስሊሙ፣ የክርስቲያኑ፣ ጀሪካን የተሸከመችው እናት፣ ፊደል ማንበብ የማይችለው ገበሬ ሐቅ ነው። ያ ገበሬ ምልክቱን በቅርጹና በቀይ ቀለሙ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ጨርቅ ስንጠቀልልበት የእሱን ፊደል ነው የቀማነው።

ስለ ዑመርና ስለ ዐባስ አሸንዳ የሚነገረውን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አጎት የዐባስ ቤት አሸንዳ መንገድ ላይ ያፈስ ነበር። ዑመር የጁሙዓ ልብሳቸውን ለብሰው ሲያልፉ ከአሸንዳው የወረደ ውሃ ነካቸው። ከሊፋው «ይነቀል» አሉ፤ ተነቀለ። ዐባስ መጥተው እዚያ ቦታ ላይ ያኖሩት ረሱል ራሳቸው መሆናቸውን ነገሯቸው። ዑመር ምን አደረጉ? ጀርባቸውን ሰጡ፤ ዐባስ በሳቸው ጀርባ ላይ ወጥተው እንዲመልሱት አስማሉ። እኔ ከዚህ የምወስደው ሁለቱንም ነው። ከሊፋው መንገዱን የሚያስቸግር ነገር የማንም ይሁን የማን አስነሡ፤ የረሱልን ቤተሰብ እንኳ አልለዩም። ያለ ሐቅ ያነሡ መሆኑን ሲያውቁ ደግሞ በጀርባቸው ተሸክመው መለሱ። ዛሬ ባነር የሚያስነሣ ባለሥልጣን የመጀመሪያውን ያውቅበታል፤ ሁለተኛውን የሚያውቅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ፉቀሃዎቹም ነገሩን በዝርዝር ነው ያዩት። በየሐሪማው የምንቀራው የኢማም ነወዊ ሚንሃጅ ከቤት ወደ መንገድ ስለሚወጣ ነገር ሲያስረዳ መለኪያ ያስቀምጣል። ከሥሩ ሸክም የተሸከመ ሰው ሳያጎነብስ ማለፍ አለበት፤ ጋላቢ የሚያልፍበት መንገድ ከሆነ ደግሞ ሰው የሚቀመጥበት ዳስ የተጫነበት ግመል እንዲያልፍ ሆኖ ከፍ ማለት አለበት። የእኛ ግመል ምንድነው? ጭድ እስከ ላይ የከመረ አይሱዙ ነው። ለዒዱ ገመድ ስትዘረጉ መለኪያችሁ እሱ ይሁን። በሐነፊዎቹ ዘንድ ደግሞ የሕዝብ መንገድ ላይ የወጣን ነገር ማንኛውም አላፊ «ይነሣልኝ» ብሎ መከራከር ይችላል። ማንኛውም! እንግዲህ ያ የእናቱን ነገር ያየ ልጅ ጨርቁን ሲቆርጥ ጥንት በኪታብ የታወቀለት መብት ነበረው ማለት ነው። ብቻ ቀድሞ ቢነግረን ይሻል ነበር፤ እሱንም ነግሬዋለሁ።

አሁን ከመንገዱ ወደ አጥሩ ልለፍ።

ጌጥ ስንሰቅል ሁለተኛው ጫፍ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው የሰው ግቢ ላይ ነው። የቆርቆሮ አጥር፣ የባሕር ዛፍ አጣና፣ የጎረቤት በረንዳ ቋሚ። «ምን ችግር አለው፣ አንድ ሚስማር ናት» እንላለን። እኛ እኮ ከፋርጣ፣ ከጋይንት፣ ከእስቴ፣ ከስማዳ ገበሬ የተወለድን ነን። አባቶቻችን ወሰን ላይ የሚተክሉትን ድንጋይ እናውቃለን። ሲያርስ አንድ ፈር የገፋ ሰው በመንደሩ ውስጥ ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ልጁን ለመዳር እንኳ እንዴት እንደሚቸገር እናውቃለን። በአንድ ፈር የተጀመረ ጠብ ለልጅ ልጅ ሲተላለፍ አይተናል። ያለ ሐቅ ስንዝር መሬት የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ሰባት ምድር አንገቱ ላይ እንደሚጠመጠምበት በሐዲስ ተነግሮናል። ከተማ ገብተን የይዞታ ካርታ ስላወጣን ወሰን ቀልድ አልሆነም።

በሌላ በኩል ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤት ጎረቤቱን ግድግዳው ላይ እንጨት ከመትከል እንዳይከለክል ተናግረዋል። ይህን ሐዲስ አንዱ ወጣት አምጥቶልኛል፤ «ስለዚህ ሳንጠይቅ መቸንከር እንችላለን» አለኝ። ጎበዝ፣ ሐዲሱን አውቀሃል፤ የተነገረው ግን ለማን ነው? ለባለ ግድግዳው ነው። እሱ እንዳይከለክል ተመከረ እንጂ አንተ እንዳትጠይቅ አልተፈቀደልህም። ዑለማዎችም በዚህ ተለያይተዋል፤ ኢማም አሕመድ ባለ ግድግዳው መፍቀድ ግዴታው ነው ሲሉ፣ ሐነፊዎቹና በኋለኛው ቃላቸው ኢማም ሻፊዒይ ደግነት እንጂ ግዴታ አይደለም ብለዋል። ይህ ሁሉ ቤቱን ሊያቆም ምሰሶ የቸገረው ሰው ጉዳይ ነው። የእኛ አምፖል ቤት አያቆምም። እና ይጠየቃል።

መጠየቅ ደግሞ የሚያዋርድ ነገር አይደለም። ከመስጊዱ ጀርባ ያሉትን እትዬን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቆራቢ፣ አጥራቸው ከእኛ ግቢ ጋር የተገናኘ። ከዐረፋው ነገር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በራቸውን አንኳኩቼ «እትዬ፣ በሚቀጥለው በዓላችን ገመድ የምናስርበት ብንጠይቅዎ ይፈቅዱልን ይሆን?» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ለስንት ዓመት ስታስሩ ኖራችሁ ዛሬ ምን ሆነህ ነው የምትጠይቀኝ?» አሉ። አፈርኩ። ከዚያ ቡና ቀረበ፤ በቡናው ላይ የነገሩኝን ነገር ስሙ። በአንዱ ዓመት የቸነከርነው ሚስማር አጥራቸውን ቀዶት ፍየል ገብቶ ጎመናቸውን በልቶታል። አልነገሩንም። «በዓላችሁ ነው ብዬ» አሉ። ሳያጉረመርሙ ተሸክመውልናል። እኛ ግን መቻቻል እያልን ስንናገር የማን ትከሻ እየተሸከመ እንደሆነ አናውቅም ነበር። አጥሩን ጠግነንላቸዋል። ዘንድሮ እንድናስር የፈቀዱልን በቋሚው ላይ በገመድ ብቻ ነው፣ ያለ ሚስማር። ፋሲካቸው ከእኛ ይቀድማልና ዶሮው ሲያልፍላቸው እንዘረጋለን።

አሁን የምትጠብቁትን ጥያቄ ላምጣ፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ይነሣል። «የእኛ ጌጥ በማግሥቱ ይነሣል፣ የሌላው ግን ወራት ይቆያል።» ይህን ከራሴ ጓዳ አላወጣሁትም፤ በሌላ ከተማ እኔም ደርሶብኛል። የዒድ ባነራችን በሦስተኛው ቀን ሲወርድ፣ እዚያው ምሰሶ ላይ የነበረ ሌላ ባነር እስኪነጣ ድረስ ሲንጠለጠል አይቻለሁ። ለምን ብለን ስንጠይቅ «መመሪያ ነው» ተባልን። መመሪያውን አሳዩን ስንል አልነበረም። በደል ነው፤ በደል እንደሆነም እንናገራለን።

ወጣቶች ይህን ሲያዩ የሚቀድማቸው ሐሳብ «እንግዲያው እኛም የፈለግንበት እንሰቅላለን» ነው። እኔ የምላችሁ ተቃራኒውን ነው። አንድ ዓይነት ሕግ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ራሱ በዚያ ሕግ መኖር አለበት፤ ካልሆነ የሚጠይቀው እኩልነት ሳይሆን ተራ ነው።

እኩልነት የጠየቅነው ትናንት አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሙ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥቶ 13 ጥያቄ አቅርቦ ነበር፤ ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው ወጥተው ነበር። ዘንድሮ ያ ቀን 49 ዓመት የሚሞላው በዒዱ ዋዜማ አካባቢ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ ምን ነበር? በዓሎቻችን የአገር በዓል ይሁኑ የሚል ነው። ከዚያ በፊት ዒድ በዚህ አገር የካላንደር ቀን አልነበረም፤ አባቶቻችን ሰግደው ወደ ሥራ ይሄዱ ነበር። ሌላው ጥያቄ ደግሞ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚል ነው። በዚህ በእኛ ደጋ እንኳ የሙስሊም ነጋዴ ከተማ የነበረችው ደሪጣ ከይፋግ ገበያ አጠገብ ስንት ዘመን እንደኖረች አስቡ። እንግዳ ሆነን አልመጣንም። በአገሩ ያለ ሰው ደግሞ መንገዱን እንደ ባለቤት ነው የሚጠቀመው፤ ባለቤት ደግሞ የራሱን ምልክት በጨርቅ አይሸፍንም።

ሕገ መንግሥቱም ቢሆን አንቀጽ 11 ላይ መንግሥትን ከሃይማኖት ይለያል፣ አንቀጽ 25 እኩልነትን፣ አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን ያውጃል። እነዚህን ቁጥሮች ብዙዎቻችሁ ከ2004 ጀምሮ በቃል ታውቃላችሁ፤ በአንዋር መስጊድ እጃችንን አጣምረን ዝም ብለን የቆምንባቸው ጁሙዓዎች ያስተማሩን ናቸው። ቁጥሮቹ ምሰሶ ላይ ሲደርሱ ግን ምን ማለት ናቸው? የተጻፈ፣ የተለጠፈ፣ ለሁሉም አንድ የሆነ ደንብ ማለት ናቸው። ለከተማው የምናቀርበው ደብዳቤ ተረቅቋል፣ ዛሬ ታዩታላችሁ። የምንጠይቀው «ለሙስሊም ይፈቀድ» አይደለም። ለዒድም፣ ለመውሊድም፣ ለጥምቀትም፣ ለመስቀልም፣ ለነሐሴ 13 ቡሄም ጌጥ የት እንደሚሰቀልና የት እንደማይሰቀል፣ ከስንት ቀን በፊት እንደሚወጣና በስንት ቀን እንደሚወርድ ይጻፍ ነው የምንለው። ደንቡ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ባነርም፣ በሱቅ ማስታወቂያም ላይ ይሥራ። እውነቱን ለመናገር የመንገድ ምልክት በመሸፈን በዚህ ከተማ ከበዓል ሁሉ የሚብሰው የቅናሽ ማስታወቂያ ነው፤ እሱ ግን ሃይማኖት ስለሌለው ማንም አይጣላበትም።

ደብዳቤውን ብቻችንን እንዳናስገባው እፈልጋለሁ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ የእድር ሰዎች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም አይተውት ቢፈርሙ ደስ ይለኛል። ይከብዳል የምትሉ አላችሁ። እስኪ አስቡት፤ ይህ ሰፈር መንገድ እንዴት እንደሚጋራ አያውቅም? ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን አስፋልት ላይ ይተከላል። ሰርግ ሲኖር ዳስ መንገድ ይዘጋል። የሙስሊም ለቅሶ ነው የክርስቲያን ብሎ የሚጠይቅ ሾፌር አይታችኋል? ዞሮ ይሄዳል። ለምን? ለጎረቤት ተነግሯል፣ የሚተከልበት ይታወቃል፣ በሦስተኛው ቀን እንደሚነሣም ይታወቃል። የምንጠይቀው ደንብ ከዚህ ከእድር ሥርዓት የራቀ አይደለም። እንዲያውም የእድር ሰዎች ቢያረቁት ከእኛ የተሻለ ያረቁታል።

ደንቡ እስኪመጣ ግን የዘንድሮው ዒድ አይጠብቀንም። ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ማንኛውም የትራፊክ ምልክት፣ የሆስፒታል አቅጣጫ ጠቋሚ፣ የመንገድ ስም ሰሌዳ አይነካም። አጠገቡም አንዘረጋም፤ እርጥብ ጨርቅ በነፋስ የት እንደሚደርስ በዐረፋ አይተናል። የመብራት ምሰሶ ላይ ገመድም ሽቦም አይታሰርም፤ ያ ምሰሶ የሚገድል ነገር ተሸክሟል፤ ለጌጥ ብሎ የሚወጣበትን ልጅ እኔ ራሴ እግሩን ይዤ አወርደዋለሁ። ዛፍ ላይ ሚስማር የለም። የሰው አጥር ላይ ባለቤቱ በአፉ ሳይፈቅድ አንድ ክር አይነካም፤ «አይ» ካለ «አላህ ይስጥልን» ብለን እናልፋለን፣ ፊት አናጠቁርም። የፋሲካ ጌጥ ያለበት ቦታ ላይ ከላይ አንደርብም፣ ከሥሩም አንሰቅልም። የወደቀ የእነሱ ነገር ካገኘን አንሥተን ለባለቤቱ እንሰጣለን እንጂ በእግር አንረግጠውም፣ ወዲያም አንገፋውም። እስቴን አስታውሱ።

ስለራሳችን ወረቀትም አለኝ። የአላህ ስም የታተመበትን ነገር መንገድ ላይ አትስቀሉ። ከሰቀላችሁት ይዘንብበታል፣ ይቀደዳል፣ ቦይ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ አህያ ይረግጠዋል። ያንን ያየ ወጣት «ማን ጣለው?» ብሎ ይነሣል። የጣልነው እኛ ነን፤ የሰቀልን ቀን ነው የጣልነው። «እንኳን አደረሳችሁ» በቂ ነው፤ እሱ ደግሞ ለሚያልፈው ሁሉ ሰላምታ ነው። ይህ የብዙዎቻችሁን ልብ እንደማይሞላ አውቃለሁ፤ ባነሩም ታትሞ መምጣቱን ሰምቻለሁ። ያ ባነር መስጊዱ ግቢ ውስጥ፣ በበረንዳው ሥር ይሰቀል፤ እዚያ ቤቱ ነው።

ጌጡ ተነሥቶ ብታገኙት ደግሞ ማንም ሰው ማንንም እንዳይጠራ። ፎቶ አንሡ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ ለኮሚቴው አምጡ። የሰው ጌጥ በደንብ ያልተሰቀለ ብታዩም በእጃችሁ አትንኩት፤ ያንንም በፎቶና በቀን መዝግቡ። ዓመቱን ሙሉ የምንመዘግበው ያ ነው በሚቀጥለው ጊዜ ቢሮ ስንገባ ጠረጴዛ ላይ የምናስቀምጠው። «መመሪያ ነው» ሲሉን ባለፈው ባዶ እጃችንን ነበርን።

የቀረው ሥራ ነው። መሰላል ያላችሁ ሁለታችሁ ከፋሲካ በኋላ ባለው ረቡዕ ከዐስር በኋላ እዚህ ተገናኙ። እህቶች አምፖሎቹን ከገመዱ ጋር ቤት ውስጥ ቀድመው ቢሰፉልን ማታ መንገድ ላይ አንቆምም። ከፍታውን የሚለካ ረጅም አጣና አዘጋጅቻለሁ፤ ጭድ የጫነ አይሱዙ ቆሞ ሳለ ለክቼ ምልክት አድርጌበታለሁ፣ ከምልክቱ በታች የሚዘረጋ ገመድ አይኖርም። ማውረጃው በዒዱ በሦስተኛው ቀን ከዙሁር በኋላ ነው፤ ለመስቀል የተመዘገበ ሁሉ ለማውረድም ተመዝግቧል፣ ስሙን ሁለት ጊዜ ነው የጻፍኩት። የእትዬን አጥር የሚፈታው ግን እኔ ነኝ።

ደብዳቤውን ለማየት የምትፈልጉ ወደዚህ ቅረቡ፤ መብራቱ ሊጠፋ ይችላልና ቶሎ በሉ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።